ደቦ የሚለውን ቃል ማን ወሰደብን?

የአዌቱ_ዳር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጅማዎች፣ ሰላም ሌሎቻችሁም። ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሥራዬ ሞባይል ጥገና ነው። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ በእጄ ነው። ስክሪን ቀይሬ ስሞክረው መጀመሪያ የሚመጣው ያው ነው፦ ስድብ፣ የተቃጠለ ቤት፣ "አበቃልን" የሚል ሰው። ማታ ደግሞ የራሴን ስልክ ይዤ እስከ ስድስት ሰዓት ያንኑ አያለሁ። ባለፈው ዓመት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔን የነካኝ ነገር አልነበረም። ግን የሰው ልጅ ነገር እንዳከተመለት አምኜ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ መጻሕፍት የተጫኑበት ሚሞሪ ካርድ ሰጠኝ። አንዱ ፒተር ክሮፖትኪን የሚባል ሩሲያዊ ስለ መረዳዳት የጻፈው ነው። እንግሊዝኛው ከበደኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ አራት ወር ፈጀብኝ።

ሰውዬው የመሳፍንት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ሞስኮ ተወለደ። ወጣት መኮንን ሳለ ሳይቤሪያ ሄዶ ዓመታት ሲዞር፣ መሬቱን ሲያጠና ቆየ። ዳርዊንን አንብቧል፤ እንስሳቱ ለአንድ ጉርሻ ሲባሉ አያለሁ ብሎ ጠበቀ። ያየው ሌላ ነው። በረዶው ሊወርድ ሲል በሺዎች የሚቆጠሩ አጋዘኖች ከሰፊ አገር ተሰባስበው፣ የአሙር ወንዝ ጠበብ ወደሚልበት ቦታ መጥተው ሲሻገሩ አየ። በ1882 ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ከተማ፣ የባሕር እንስሳት በሚታዩበት ቤት ውስጥ በጀርባው የተገለበጠ ሸርጣን አየ። ጓደኞቹ ሊያቃኑት ይታገላሉ። ሲያቅታቸው ሄደው ሌሎችን ይዘው ይመለሳሉ። ሰውዬው ቆሞ ለረጅም ሰዓት ተመለከተ። ያቺን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤአታለሁ።

በ1888 ኸክስሊ የሚባል ትልቅ ሳይንቲስት ሕይወት የማያባራ ውጊያ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ክሮፖትኪን ለእሱ መልስ ብሎ የጀመራቸው ጽሑፎች ናቸው በ1902 መጽሐፍ የሆኑት።

ይህ ሰው አናርኪስት ነው። ቃሉን ስፈልግ መዝገበ ቃላቱ "ሥርዓት አልበኛ" አለኝ። ደነገጥኩ። የግሪክኛው ሥሩ ግን "አለቃ አልባ" ማለት ነው። አለቃ የሌለበት ቦታ ሁሉ ሥርዓት የለውም ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ባለፈው ሐምሌ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ተደፍኖ ውሃ ቤት ገባ። አንዲት ሴት ጮኸች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር መብራቱን ወደ ቦዩ አዙሮ አበራልን። የሦስት ቤት ዕቃ ወደ ጎረቤት ተሸጋገረ። ሊነጋ ሲል ውሃው መንገዱን ያዘ፣ ቡና ተፈላ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ። ያዘዘ የለም። ፎቶ ያነሳም የለም።

ጠዋት ስልኬን ከፈትኩ። ረግጬው በማላውቀው ከተማ የተነሳውን ጠብ ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የጆንያውን ሌላ ጫፍ ይዞልኝ ያደረውን ጎረቤቴን ግን ስሙን አላውቀውም ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር አባቶቻችን ደቦ ይሉት ነበር። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ "ደቦ" ብዬ ስጽፍ የሚወጣልኝ "የደቦ ፍርድ"፣ "የደቦ ጥቃት" ነው። አብሮ ማረስና አብሮ ማጨድ የነበረው ቃል ሰው መግደያ ሆነ። ቃሉን ማን ወሰደብን? ተስፋችንስ አብሮት ሄደ?

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። ግን ልቤ አልተቀበለውም። ምክንያቱን ልንገርህ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ወደ ቤተሰብ ስመለስ፣ አንድ መናኸሪያ ውስጥ "ሌባ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልክ ተሰረቀ አሉ። አንድ ልጅ ሮጠ። የሮጠው መኪናው ሊያመልጠው ስለነበር ነው። ያዙት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አርባ ሰው ተሰበሰበ፤ ያንተው አርባ። ያዘዘ አልነበረም። ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ስልኩ ከባለቤቷ ቦርሳ ሥር ተገኘ። ሰዉ ቀስ እያለ ተበተነ። ልጁን ሆስፒታል የወሰዱት ሁለት ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ ቃሉን ማንም የወሰደብን አይመስለኝም። ደቦ ሁለቱንም ነው። አለቃ የሌለው ሰው ቦይም ይቆፍራል፣ ሰውም ይቀጠቅጣል። አናርኪስቶቹ ስለ መጀመሪያው ብቻ ጽፈው ከሆነ፣ እኔ ግማሽ እውነት አልፈልግም።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን "አናርኪስት" የሚለውን ቃል ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

1969 ዓ.ም. ነው። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። እኔ 11ኛ ክፍል ነበርኩ። ሬዲዮው ጠዋትም ማታም "አናርኪስት" ይላል። ደርግ በዚያ ስም የሚጠራው ኢሕአፓን ነበር። አንድ ሰው አናርኪስት ተባለ ማለት ማታ ሊወሰድ ይችላል ማለት ነው። ከክፍላችን ሁለት ልጆች ተወሰዱ። አልተመለሱም። የአንደኛው እናት ቃሉን መጥራት አትችልም ነበር። "አናርኪስ ነው ብለው ወሰዱብኝ" ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ እስክትሞት ድረስ ትርጉሙን የነገራት ሰው የለም።

አሁን የሚከነክነኝ ምን መሰላችሁ? ኢሕአፓዎች አናርኪስት አልነበሩም። ማርክሲስት ሌኒኒስት ነበሩ። ፓርቲ ይፈልጋሉ፣ መንግሥት ይፈልጋሉ። ቃሉ የተለጠፈባቸው ለማስፈራራት ነው። ሰው በቃሉ ሞተ፣ ቃሉን ያነበበ ግን አልነበረም። እኔም በ40 ዓመት መምህርነቴ አንድ ገጽ አላነበብኩም። ፈርቼ ነው።

ኪቶ፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዋ ልጄ፣ ያየሽው ልብ ይሰብራል። ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የኔን ጓደኞች የወሰዷቸው ሰዎች አለቃ ነበራቸው። ማኅተምም ነበራቸው። መዝገብም ነበራቸው።

የአዌቱ_ዳር

መምህር፣ ይህን ስላካፈሉን እግዜር ይስጥልኝ። ሱቄን ዘግቼ ነው ያነበብኩት።

ኪቶ፣ ላንቺ ፈጣን መልስ የለኝም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ክሮፖትኪን ሰው መልካም ነው አላለም። የመበላላቱ ወገን ብዙ ተጽፎለታል፣ እኔ የቀረውን ወገን ልጻፍ ብሎ ነው የተነሳው። ግማሽ መሆኑን ራሱ ያውቃል።

ሌላው፣ መናኸሪያው ውስጥ የነበሩት አርባ ሰዎች ነገ አይገናኙም። ልጁንም አያውቁትም። ቦዩ ላይ የነበርነው ግን ጠዋት አንድ ዳቦ ቤት ነው የምንሰለፈው። ይህ ሁሉንም ያስረዳል እያልኩ አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን የጎዳበት ቦታ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። እሱን ሳስብ ዝም እላለሁ።

የእድር_ጸሐፊ

እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም። እድር ግን አውቃለሁ። 140 አባወራና እማወራ ነን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለበት። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ እንከፍላለን፤ የዘገየ ይቀጣል። ሦስት ድንኳን፣ 150 ወንበር፣ ትልልቅ ድስቶች አሉን። ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ አለ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊያችን ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን ይዞራል። ዳኛው በሁለት ዓመት አንዴ ይመረጣል፤ ካጠፋ ይወርዳል። ደመወዝ የሚበላ የለም። ከላይ የሚያዘን የለም። ሥርዓት አልበኛ የሚለን ካለ መዝገቤን ላሳየው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንድ አባላችን ስምንት ወር ሳይከፍል ቀረ። ሥራ አጥቶ ነበር፣ ለመናገር አፈረ። ደንባችን ይሰረዝ ይላል። እናቱ ሞተች። ማታ ተሰበሰብን። "ደንብ ደንብ ነው" ያለ አለ። "ሬሳ ቤት ውስጥ ተኝቶ ስለ ብር ታወራላችሁ?" ያለች አለች። እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ድንኳኑ ይተከል፣ ወጪውን በመዋጮ እንሸፍን ተባለ። በሚቀጥለው ወር ደንቡን ቀየርነው፦ ሥራ ያጣ ሰው ለጸሐፊዋ በሚስጥር ቢነግር አይሰረዝም። ያቺ ጸሐፊ እኔ ነኝ። አሁን አምስት ሰው በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። ማን እንደሆኑ ሌላ አያውቅም።

የኔ ልጅ፣ ያ መናኸሪያ ውስጥ ያየሽው ደቦ አይደለም፤ ቢሉትም አይደለም። እኛ ዘንድ ማን ምን እንዳደረገ ይጻፋል። ድንጋይ የሚወረውር ሰው ስሙን አያስመዘግብም።

ነውራችንንም ልናገር። ወንዶቹ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሴቶቹ ጭስ ውስጥ ነን። በእድራችን የመጀመሪያዋ ሴት ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ለመመረጥም ሦስት ዓመት ታግያለሁ። አለቃ የለንም ስንል ሚስቶች አለቃ አላቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የአዌቱ_ዳር

እትዬ፣ ምዕራፍ 5ን ቢያነቡት ስለ እርስዎ የጻፈ ይመስልዎታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችና የነጋዴዎች ማኅበራት ነበሩ። አንዱን የዴንማርክ ማኅበር ደንብ ይጠቅሳል። የአባል ቤት ከተቃጠለ ይረዱታል። ከታመመ ሁለት አባላት አልጋው አጠገብ ያድራሉ። ከሞተ ይቀብሩታል፣ እስከ መቃብሩ ይሸኙታል። ይህን ሳነብ የአባቴ ቀብር ትዝ አለኝ። ጡሩምባው፣ ድንኳኑ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳልጠይቅ የመጣው እንጀራ። ያኔ "ግዴታቸው ነው" ብዬ አልፌው ነበር።

የጎማ_ቡና

አካም ጅርቱ! ከአጋሮ በኩል ነኝ። አባቴ ገበሬ ነው፣ እኔ እያገዝኩት እማራለሁ።

ከተማ ያላችሁ ሰዎች ደቦ ስትሉ ሁለት ነገር ትቀላቅላላችሁ። እኛ ጋ ዳቦ እና ዳዶ ይለያያሉ። (የሚበላው ዳቦ አይደለም።) ዳቦ ስትጠራ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሰው ሥራውን ይሠራልሃል። ዳዶ ግን ተራ ነው። ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ፣ ከነገ ወዲያ የሱ። በአማርኛ ወንፈል የምትሉት መሰለኝ። ቡናው ቀልቶ ሁሉም በአንዴ ሲደርስ ዳዶ ከሌለህ ፍሬው ዛፉ ላይ ይደርቅብሃል።

አባቴ የነገረኝን ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተባለ። መሬቱም በሬውም የጋራ ሆነ። ሰብሳቢ መጣ፣ ነጥብ መቁጠር መጣ። ሰው በአካሉ ይሄዳል፣ ልቡ ቤቱ ነው። በ1982 ዓ.ም. አየሩ ሲለወጥ፣ የካቲት ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የፈለገ ማኅበሩን ያፍርስ ሲባል፣ በሳምንታት ውስጥ በሬያቸውን ለይተው ወሰዱ። አገሩ ሁሉ እንደዚያው አደረገ። ቀጥሎ የቡና ለቀማው ሲደርስ ያው ሰዎች፣ ባፈረሱት ማኅበር ውስጥ የነበሩት ራሳቸው፣ ዳዶ ገቡ። ዳዶን ያወጀው የለም፤ ያፈረሰውም የለም።

ኪቶ የምትለውም ግን እውነት አለው። ዳዶ ቡና ያስለቅመኛል፣ የቡናን ዋጋ አይወስንልኝም። ዋጋው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ወንዝ ላይ ድልድይ መሥራትም ሌላ ነገር ይፈልጋል። መጽሐፉ ለዚህ ምን ይላል?

የአዌቱ_ዳር

ለሩቁ ነገር ያለው ምሳሌ የባቡር ሐዲድ ነው፣ ሌላ መጽሐፉ ውስጥ። በሱ ጊዜ የአውሮፓ ባቡሮች ከአገር አገር ይሻገሩ ነበር። ሁሉን የሚያዝ አንድ የባቡር ንጉሥ ግን አልነበረም። ድርጅቶቹ ተነጋግረው፣ ተስማምተው ነው ያገናኙት። ለቡና ዋጋ ግን ይበቃል አልልህም። እኔንም አልበቃኝም።

ኔትወርክ_ጥገና

አጭር ነገር ልጨምር። የአዌቱ ልጅ ስለ ኢንተርኔት ያለው ግማሹ ልክ ነው። ስታይ ቆም ያልክበትን ነገር ደግሞ ደግሞ ያመጣልሃል። ሰው ደግሞ የሚቆመው የሚያስደነግጠው ላይ ነው። ቦይ የሚቆፍር ሰው አያስቆምም።

ግን ጥፋቱን ሁሉ ስልኩ ላይ አትጫኑ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆየ። ያኔ ተስፋችን ተመለሰ? አልተመለሰም። ወሬው በእግሩ ሄደ፤ ማጣሪያ ስላልነበረን የባሰ ፈራን። ወንድሜ ሌላ ከተማ ነበር፤ ደህና መሆኑን በመደበኛ ስልክ እስክሰማ ድረስ ስንት ነገር ነው የተነገረኝ።

ሌላ ደግሞ፣ የእኛ አገር መስመር ባለቤት አለው፣ የዓለሙ ግን አንድ አለቃ የለውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ኔትወርኮች ተስማምተው ነው የሚገናኙት። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ሠንጠረዥ፣ ዩኒኮድ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ የሰው ድካም አለበት። ይህን ክር በግዕዝ ፊደል የምንጽፈው በዚያ ነው። ያንተ ሰውዬ ቢያየው ከባቡሩ ቀጥሎ ይጽፈው ነበር።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት

ተመልሼ መጣሁ። የእድር ጸሐፊዋ የጻፉት አሳሰበኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያሉት አምስት ሰዎች።

ስለ ክሮፖትኪንም አነበብኩ። የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲነሳ ከእነ ፈረንሳይ ወገን ቆመ። በ1916 ጦርነቱ ይቀጥል በሚል መግለጫ ላይ ፈረመ። ስለ መረዳዳት ያን ሁሉ የጻፈ ሰው! ጣሊያናዊው ማላቴስታ፣ አናርኪስቱ ጓደኛው፣ በግልጽ ተቃወመው። ተስፋ ያለው ሰው እንዲህ ይታወራል ብዬ ነው የምፈራው።

የአዌቱ_ዳር

ልክ ነሽ፣ ተሳስቷል። ትልቅ ስህተት ነው። ያረሙት ግን የራሱ ሰዎች ናቸው። ማላቴስታ አክብሮቱን ሳይቀንስ "አይሆንም" አለው። አለቃ ቢኖራቸው ኖሮ ዝም ብለው ይከተሉት ነበር።

ማላቴስታ ራሱ መጨረሻው ምን እንደነበረ ታውቂያለሽ? ሙሶሊኒ ጋዜጣውን ዘጋበት። ሮም ውስጥ ቤቱ በፖሊስ እየተጠበቀ በ1932 ሞተ። ክሮፖትኪን ደግሞ ሩሲያ ተመልሶ፣ ዲሚትሮቭ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በብርድና በእጦት ውስጥ ሆኖ ስለ ሥነ ምግባር መጽሐፍ ሲጽፍ በ1921 ሞተ። ከዚያ በፊት በሩሲያም በፈረንሳይም ታስሯል። ለቀብሩ ጥቂት የታሰሩ አናርኪስቶች ተፈተው ሸኙት፤ ከዚያ ወደ እስር ተመለሱ።

እኔ ተስፋ ሲሉኝ የደላው ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች አልደላቸውም። ነገ መልካም ይሆናል ብለውም አልማሉም። ዛሬ ሰው የሚያደርገውን አዩ፣ ቆጠሩ፣ ጻፉ። እኔም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሱቄ ውስጥ ደብተር አስቀምጫለሁ። የዚህን ሳምንት ልጻፍላችሁ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ለሌላው ጎማ አዋሰ። ሊስትሮው ልጅ የጠፋ መታወቂያ ይዞ ባለቤቱን ሲፈልግ ዋለ። አንዲት ሴት ለማታውቃት አራስ አጥሚት አደረሰች። ጎረቤቴ፣ የጆንያው ሰው፣ ስሙን አሁን አውቃለሁ፤ የሱቄን ቁልፍ እሱ ጋ አስቀምጣለሁ። ስልኬ ከነዚህ አንዱንም አላሳየኝም። እንቅልፌ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል አልልም፤ ግን ከአምስት ሰዓት በፊት እተኛለሁ።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ አንድ ልመና አለኝ። ያን መጽሐፍ ላነበው እፈልጋለሁ። እንግሊዝኛው አያቅተኝም፣ ዓይኔ ነው ያስቸገረኝ። ግን በአማርኛ ቢሆን ደስ ይለኛል። ለሁለቱ ልጆች ስል።

የአዌቱ_ዳር

መምህር፣ እኔ ብቻዬን ዓመት ይፈጅብኛል። ጸሐፊው ከሞተ መቶ ዓመት አልፏል፤ ማንም ሊተረጉመው ይችላል። መጽሐፉ ስምንት ምዕራፍና መደምደሚያ ነው። እንካፈለው? ምዕራፍ 1ና 2 ስለ እንስሳት ናቸው፤ እኔ ልያዛቸው፣ ሸርጣኑ እዚያ አለ።

የጎማ_ቡና

ምዕራፍ 4 ስለ መንደርና ስለ ጋራ መሬት ከሆነ የእኔ ነው። ከለቀማው በኋላ ግን።

የእድር_ጸሐፊ

እንግሊዝኛ አልችልም። ምዕራፍ 5ን የሚተረጉም ሰው ይምጣ፤ ቁጭ ብዬ የእድሩን ቃል እነግረዋለሁ። "ፕሬዚዳንት" እያላችሁ እንዳትጽፉብኝ፤ ዳኛ ነው።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት

እትዬ፣ እኔ እመጣለሁ። እሁድ ከክፍያው በኋላ ይመችዎታል? ምዕራፍ 7ንም ተዉልኝ። የማልስማማበትን ሁሉ ከግርጌ እጽፋለሁ፣ ማንም አይሰርዝብኝ።

ኔትወርክ_ጥገና

ሁላችንም አንድ ላይ የምንጽፍበት ፋይል ዛሬ ማታ እከፍታለሁ። ስሙን ምን ልበለው?

ጡረተኛው_መምህር

"ደቦ" በለው። ፊደሉን ደግሞ ከፍ አድርግልኝ፣ 16 ይሁን።